ሶሪያሲስ ያለባችሁ፣ እባካችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ

ሰላም ናችሁ። ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ አለብኝ፤ ክርኔና ጉልበቴ ላይ ቀላ ብሎ ከላዩ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። የስቴሮይድ ቅባት ስቀባ ይጠፋል፣ ስተው ብሶበት ይመለሳል። ሐኪሙ የሰውነት መከላከያው የቆዳን እድገት ከልክ በላይ እያፈጠነው ነው፣ ወደ ሰው አይጋባም ብሎኛል። ግን ሰው ክርኔን አይቶ ፈቀቅ ሲል በጣም ይሰማኛል። አሁን ደግሞ ጥፍሮቼ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ወጡ፣ ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ ተሳስረው አልታጠፍ ይሉኛል። በሽታው መገጣጠሚያም እንደሚይዝ ስለማውቅ ፈራሁ፤ ቀጠሮዬ ደግሞ ገና ነው። እንዲህ የጀመራችሁ አላችሁ? ምን ምርመራ ታዘዘላችሁ? በካልሲፖትሪዮል (ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት) ወይም በብርሃን ሕክምና ከስቴሮይዱ የተላቀቃችሁስ፣ በአንዴ ነው ያቆማችሁት ወይስ ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ?