አሜሪካ ላለች እህቴ፦ የጾታ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና የሚሸፍን ኢንሹራንስ እንዴት ይገኛል?

የሐይቋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ተሁለደሬ፣ ሐይቅ ከተማ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ላይ ነው የምሠራው። ይኸው ጥር ነው፣ መዋጮ የሚሰበሰብበት ወቅት፤ ቀኑን ሙሉ ደብተር ሳድስና "ያለ ሪፈር ሆስፒታል ለምን አልገባም?" ለሚል ሰው ሳስረዳ እውላለሁ። መድኑ በ2003 ዓ.ም ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ስለነበር፣ እኛ ጋ ገበሬው ሳይቀር ስለ መድን መከራከር ያውቅበታል። እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ ነበር፣ የእህቴ ወረቀት እስኪመጣ።

እህቴ ያለችው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ትልቅ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ከሐይቅ ስትወጣ ወንድሜ ነበረች፤ አሁን ሴት ሆና ነው የምትኖረው፣ ሆርሞን መውሰድ ከጀመረች ሁለት ዓመት አለፋት። ከ"አንተ" ወደ "አንቺ" ለመሻገር ምላሴ ወር ከመንፈቅ ፈጀበት። ተውላጠ ስሙ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ግሱም አብሮ ይዞራል እኮ፤ "በላህ?" ብዬ ጀምሬ "በላሽ?" ላይ ስወድቅ ስልኩ ውስጥ ትስቅብኛለች። እናታችን ግን አልተቸገረችም። ድሮም "ልጄ" ነበር የምትለው፣ ዛሬም "ልጄ" ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ ኢንሹራንሷ ዘንድ ደወለች፤ ስልክ ያነሳችው ሴትዮ "ቀዶ ሕክምናው ይሸፈናል" አለቻት። የሐኪሟ ቢሮ ቅድመ ፈቃድ ጠየቀ። ታኅሣሥ ላይ "በውሉ የተካተተ አገልግሎት አይደለም" የሚል ደብዳቤ መጣ። ከዚያ "እትዬ፣ አንቺ መድን ታውቂያለሽ፣ እስቲ እይልኝ" ብላ የውሉን መጽሐፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። መብራት ባለባቸው ሁለት ማታዎች መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። ገጽ 74 ላይ የማይሸፈኑት ተዘርዝረዋል፤ መነጽር አለ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምና አለ፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ጾታ ለመቀየር የሚደረግ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና። መነጽሩን ሳይ ሳቄ መጣ። የኛም መድን አይከፍልም እኮ፤ ለመነጽር፣ ለሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውጭ አገር ሕክምና። ሰዉ ሁሉ ምን እንደሚሸፈን ይጠይቀኛል፣ ምን እንደማይሸፈን የጠየቀኝ ሰው ግን በጣት ይቆጠራል።

ይግባኝ ብትል ያዋጣታል? ወይስ ሥራ ትቀይር? እንዲህ ያለውን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሰው በምን አውቆ ነው የሚመርጠው?

የኮምቦልቻው

አብሽሪ እህቴ። እኔ ዴንቨር ነኝ፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ ኢንሹራንስ ላይ የማስመዘግብ።

ከሁሉ በፊት ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ቀጣሪዋን ትጠይቅ። ካርዷ ላይ የኢንሹራንሱ ስም ስላለ ከፋዩ እሱ ይመስላታል። ትልልቅ ቀጣሪዎች ግን ብዙ ጊዜ የሠራተኛውን የሕክምና ሂሳብ የሚከፍሉት ራሳቸው ናቸው፤ ኢንሹራንሱ ወረቀቱን ያንቀሳቅስላቸዋል፣ በቃ። እንዲህ ያለው ውል በ1974 በወጣ የፌዴራል ሕግ ነው የሚተዳደረው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ የግዛቱ የኢንሹራንስ ሕግ አይነካውም። ኮሎራዶ ይህን ሕክምና ከ2023 ጀምሮ መሠረታዊ አገልግሎት (ኢንሹራንሱ የግድ ሊሸፍነው የሚገባ) ውስጥ በማስገባት ከግዛቶች ሁሉ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ያ ግን ግለሰብና አነስተኛ ድርጅት ለሚገዛው ኢንሹራንስ ነው። እህትሽ እዚያው ግዛት እየኖረች ሕጉ አጠገቧ አልፎ የሄደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ከ2026 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ እነዚህን ሕክምናዎች ከመሠረታዊ አገልግሎት አስወጥቷቸዋል። ኢንሹራንሱ መሸፈን አልተከለከለም። ነገር ግን ሰው በዓመት ከኪሱ የሚከፍለው ጣሪያ አለ፣ በ2026 ለአንድ ሰው 10,600 ዶላር፤ ያ ጣሪያ ለዚህ ሕክምና ላይሠራላት ይችላል። ስለዚህ "እኔን አምና ሸፍኖልኛል" የሚላትን ጓደኛ ሰምታ አትግዛ፣ የዘንድሮውን መጽሐፍ ታንብብ። አጭሩ ማጠቃለያ አይበቃም፣ ሙሉው ውል ይሰጠኝ ትበል።

የኮሎራዶው ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ያለው የመንግሥት መድን፣ ይሸፍናል፤ ግን መጋዘን ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ብቻውን የሚኖር ሰው ገቢው ከወሰኑ ያልፋል።

ከወልድያ ወዲያ

እኔ ራሴ ያለፍኩበት ነው፣ ካሊፎርኒያ ሆኜ።

ይግባኙን በተመለከተ፦ እምቢታ ሁለት ዓይነት ነው። እኔን "ለጤናዋ አስፈላጊ አይደለም፣ ለውበት ነው" ብለው ነበር የመለሱኝ። ይህ የሐኪም ክርክር ነው፤ በሐኪም ማስረጃ ይረታል። እምቢታው ከደረሰሽ በኋላ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለሽ። ሕክምናው ገና ያልተደረገ ከሆነ በ30 ቀን መመለስ አለባቸው፤ አሁንም እምቢ ካሉ ከኢንሹራንሱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ መርማሪ እንዲያየው በአራት ወር ውስጥ መጠየቅ ይቻላል። እኔ የረታሁት እዚያ ላይ ነው። የእህትሽ ግን መጽሐፉ ውስጥ በስም የተጻፈ ክልከላ ነው፣ ገለልተኛው መርማሪ ውል አይቀይርም። ይግባኙን ትጻፍ፣ ቀኑ አይለፋት፤ ግን ተስፋዋን ሁሉ እዚያ ላይ አትጣል። ከይግባኙ ጎን ለጎን ለቀጣሪዋ "ይህን አንቀጽ ለሚቀጥለው ዓመት አውጡልኝ" ብላ ትጻፍ። ከፋዩ ቀጣሪው ከሆነ አንቀጹን የማውጣት ሥልጣኑም የእሱ ነው። የኔ ጓደኛ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰው ጽፎ ነው የወጣው።

ሕክምናው እንደሚያስፈልጋት የሚመሰክር የባለሙያ ደብዳቤ ከአሁኑ ታዘጋጅ። ዓለም አቀፉ የሐኪሞች መመሪያ በ2022 ሲታደስ ለአዋቂ ሰው የአንድ ባለሙያ ደብዳቤ ይበቃል ብሏል፤ ብዙ ኢንሹራንሶች ግን አሁንም በአሮጌው ሄደው ለታችኛው (ለብልት) ቀዶ ሕክምና ሁለት ይጠይቃሉ። የኔ ሐኪም የሙያ ፈቃድ ቁጥሯን ሳትጽፍ በመቅረቷ ብቻ ሦስት ሳምንት ተንገላትቻለሁ።

የስልኳን ሴትዮ ደግሞ ትርሳት። ከእንግዲህ ስትደውል የሰውየውን ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን ቁጥር ትመዝግብ፤ መልሱንም በጽሑፍ ትጠይቅ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

ተመልካች 7

ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ወደ አገሯ ትመለስ፣ ጸበል ትጠመቅ፣ ዱዓ ይደረግላት።

የሐይቋ

ተመልካች፣ ለጸበሉም ለዱዓውም እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህም ይስጥልኝ። የወሎ ቤት ነው፣ እናታችን ሁለቱንም ስታስደርግላት ኖራለች። የጠየቅሁት ስለ ገጽ 74 ነው።

ነርሷ

ሌላ ሰው ያላነሳውን ላንሳ። እህትሽ ሣጥን ነው የምታነሳው። የታችኛው ቀዶ ሕክምና ከሆነ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ ቢከፍል የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት የቆየና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው የ12 ሳምንት ፈቃድ በሕግ አለው፣ ግን ያለ ደመወዝ ነው። ሥራ ስትቀይር ይህ ዓመት እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው አልጋ ላይ ሆኖ ነው። የአጭር ጊዜ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ፣ ታሞ ሥራ ለቀረ ሰው ከደመወዙ ከፊሉን የሚከፍለው፣ አላት ወይ? ትጠይቅ።

ሐኪሙም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው መሆኑን ታረጋግጥ። በአካባቢው ውል ያለው ሐኪም ከሌለ፣ ውል የሌለውን ውል ባለው ሐኪም ዋጋ እንዲያዩላት ማመልከት ትችላለች፤ እሱም ከቀዶ ሕክምናው በፊት።

የሐይቋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ክፉ አይንካችሁ። የነርሷን ነገር ሳነብላት ዝም አለች፤ ስለ ኪራዩ አላሰበችም ነበር።

የኮምቦልቻው እንደገመተው ነው። የሠራተኛ አስተዳደሩ በጽሑፍ መለሰላት፤ ከፋዩ መጋዘኑ ራሱ ነው። ይግባኙን በዚህ ሳምንት ታስገባለች፣ ለቀጣሪዋ የሚጻፈውንም ደብዳቤ ጀምራለች፤ አማርኛውን እኔ ጻፍኩላት፣ እንግሊዝኛውን እሷ። የኔ ረቂቅ "ጉዳዩ፦" ብሎ ስለሚጀምር የቀበሌ ደብዳቤ መሰለ ብላ ስቃብኛለች።

ቶሎ ሥራ አትቀይርም፣ የፈቃዱ ዓመት እንዳይቃጠልባት። አብራት የምትኖረው ልጅ ግን ሌላ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የእነሱን መጽሐፍ አግኝታ ትናንት ላከችልኝ፣ 118 ገጽ። ከኋላ፣ ከማይሸፈኑት ነው የጀመርኩት። እስካሁን መነጽሩን አግኝቻለሁ።