ኦኪናዋን ከእናቴ ጋር ለመጎብኘት፦ የትኛው ወር፣ የትኛው የባሕር ዳርቻ ይሻላል?

የሳቢያን መምህርት፣ ድሬዳዋ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ቶኪዮ ውስጥ የሚከታተለውን ትምህርት በመጪው ዓመት ስለሚያጠናቅቅ፣ እናታችንንና እኔን ወደ ጃፓን ወስዶ ኦኪናዋ የተባለችውን ደሴት ለአሥር ቀናት ያህል ሊያሳየን አስቧል። የቪዛውንና የአውሮፕላኑን ጉዳይ እርሱ ይዞታል፤ ከአዲስ አበባ በሴኡል በኩል ቶኪዮ፣ ከዚያም ሦስት ሰዓት ገደማ በሚፈጅ የአገር ውስጥ በረራ ናሃ ወደተባለችው የኦኪናዋ ከተማ እንደምንደርስ ነግሮናል። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ በነበረበት ዘመን አንድ ጊዜ ጅቡቲ ድረስ ወስዷት ባሕር አይታለች፤ ያንን ቀን እስከ ዛሬ ታወራዋለች፣ ደግማ ለማየት ያላትን ናፍቆትም አትደብቅም። ሆኖም ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ ደረጃ መውጣት አትችልም፤ ዋና አታውቅም፤ እኔም የማውቀው ጥቂት ነው። መምህርት በመሆኔ መሄድ የምችለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ማለትም ከሰኔ ማብቂያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ኦኪናዋን ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የሚመታት በዚያው ወቅት እንደሆነ አንብቤአለሁ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን ያየ የድሬዳዋ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ቀላል አያየውም። ከክረምቱ ውስጥ የሚሻለው ሳምንት የትኛው ነው? ባሕሩስ ዋና ለማያውቅ ሰው ምን ያህል ይመቻል? ከባሕሩ ሌላ እናቴን ሳያደክም ሊታይ የሚገባውን የሚያውቅ ቢኖር በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከደቻቱ ማዶ

እኅቴ፣ ለሥልጠና ሄጄ ከአንድ ዓመት በላይ ናሃ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ የወሩን ነገር በእርግጠኝነት ልነግርዎ እችላለሁ። የኦኪናዋ የዝናብ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ሰኔ አጋማሽ ገደማ ይዘልቃል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ባሕሩም ብዙውን ጊዜ የተረጋጋ ይሆናል። ታይፎን የሚሉት አውሎ ነፋስ በሐምሌም ቢሆን ሊመጣ ይችላል፤ የሚበዛው ግን ከሐምሌ ማብቂያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በመሆኑም ከሰኔ 24 አካባቢ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ያሉትን ቀናት ቢይዙ፣ ዝናቡን አሳልፈው ከባዱን የአውሎ ነፋስ ጊዜ ቀድመው ይመለሳሉ። ነሐሴን ግን አልመክርዎትም፤ በወሩ መባቻና አጋማሽ ላይ ደግሞ ጃፓናውያን ራሳቸው ለዕረፍት ስለሚወጡ ሆቴሉም አውሮፕላኑም ይወደዳል።

ስለ ታይፎን አንድ ነገር ልጨምር። ደሴቲቱ ለዚህ የተሠራች ናት፤ ቤቶቹ በአብዛኛው ኮንክሪት ናቸው፣ በጥንቶቹ መንደሮችም ፉኩጊ የሚባል ወፍራም ቅጠል ያለው ዛፍ ቤቱን ከቦ ነፋሱን ይሰብራል። ስለዚህ ሆቴል ውስጥ ያለ እንግዳ ሕይወቱ ለአደጋ የሚጋለጥበት ሁኔታ እምብዛም ነው። ችግሩ ጉዞው መስተጓጎሉ ነው። አውሎ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫውን የሚያጥፈው ብዙ ጊዜ በዚያ አካባቢ በመሆኑ፣ በሚታጠፍበት ጊዜም ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ አንድና ሁለት ቀን ሙሉ ደሴቲቱ ላይ ሊቆይ ይችላል። ያን ጊዜ በረራና መርከብ ይሰረዛል፣ የከተማው ሞኖሬል ይቆማል፣ ሱቅም ይዘጋል። ወንድምዎ ከናሃ ወደ ቶኪዮ የምትመለሱበትን ቀን ከአዲስ አበባው በረራ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ እንዲያደርገው አጥብቄ እመክራለሁ። እኔ ይህንን ባለማድረጌ የመመለሻ ትኬቴ ተቃጥሎብኛል።

አሁን ወደ ባሕሩ ልምጣ። የኦኪናዋ ባሕር ከዳር ሲታይ ጥልቀት የሌለው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነ፣ እንደ ገንዳ የረጋ ውኃ ነው፤ ይህም የሚሆነው ከባሕሩ ዳር ራቅ ብሎ ያለው፣ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት አለት የውቅያኖሱን ሞገድ ስለሚመልስ ነው። አሸዋው የሚነጣውም የኮራልና የዛጎል ስባሪ በመሆኑ ነው። ነገር ግን ይህ ጸጥታ ያታልላል። በአለቱ ላይ ተሻግሮ የገባው ውኃ ተመልሶ የሚወጣው በአለቱ መካከል ባሉ ክፍተቶች ነው፤ በተለይ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት በእነዚህ ክፍተቶች የሚወጣው ፈሳሽ ጎበዝ ዋናተኛን ሳይቀር ይዞ ይሄዳል። ታይፎኑ ገና ሩቅ ሳለም ሞገዱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰማዩ ጠርቶ ባሕሩ ግን የተቆጣበት ቀን ካያችሁ፣ የአገሬው ሰው ካልገባ እናንተም አትግቡ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ሀቡ ኩራጌ የሚባለው ጄሊፊሽ፣ ማለትም ገላው ለስላሳ የሆነ መርዘኛ የባሕር እንስሳ ነው። ገላው እንደ ውኃ የጠራ ስለሆነ አይታይም፤ ክሩ ሲነካ ግን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ የሚበዛውም ከግንቦት ማብቂያ እስከ መስከረም ነው። መድኃኒቱ ሳያሹ ኮምጣጤ በብዛት ማፍሰስ ነውና በብዙ የባሕር ዳርቻዎች ኮምጣጤ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ለእናንተ የሚሆነው መከላከያ መረብ የተዘረጋለትና የሕይወት አድን ሠራተኛ የሚቆምበት ዳርቻ ነው። ናሃ ከተማ ውስጥ ናሚኖዌ የምትባል ትንሽ ዳርቻ አለች፤ ፊት ለፊቷ የመኪና ድልድይ ስላለ ውበቷን ይቀንሰዋል፣ ነገር ግን መረብ አላት፣ ከሆቴላችሁ ተነሥታችሁ በታክሲ ወዲያው ስለምትደርሱ ለመጀመሪያው ቀን ትበቃለች። እማማ ልብስ አውልቀው መግባት አለብኝ ብለው እንዳይሰጉ፤ የኦኪናዋ ሰዎች ራሳቸው ፀሐዩን ፈርተው ከነሸሚዛቸው ነው የሚገቡት።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ በሐምሌ አማካዩ 29 ዲግሪ ገደማ ነው። ለድሬዳዋ ሰው ቁጥሩ አያስፈራም፤ ሆኖም አየሩ እርጥብ በመሆኑ ላቡ አይደርቅም፣ ሌሊቱም አይበርድም። ቀትር ላይ እኛ አገር እንደምናደርገው ጥላ ውስጥ ማረፍ ነው።

የጁገል ልጅ፣ ሐረር

ወንድሜ ከላይ ስለ ባሕሩ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን አንድ የሐረርጌ ሰው ኦኪናዋ ሄዶ ግንቦቹን ሳያይ ቢመለስ ይቆጨኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦኪናዋ ሁልጊዜ የጃፓን አካል አልነበረችም። ከ1429 እስከ 1879 ድረስ ሪዩኪዩ የሚባል የራሷ መንግሥት ነበራት፤ ይህም መንግሥት ከቻይና፣ ከኮሪያ፣ ከጃፓንና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጋር በመነገድ የከበረ ነበር። የዘይላ መንገድ ሐረርን እንዴት እንዳበለጸጋት የሚያውቅ ሰው፣ ትንሽ አገር በንግድ እንዴት ትልቅ እንደሚሆን አስረጂ አያስፈልገውም። የዚያ ዘመን ግንቦች ጉሱኩ ይባላሉ፤ አምስቱ ጉሱኩዎችና ሌሎች አራት ሥፍራዎች በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፣ የእኛ ጁገል ከመመዝገቡ ስድስት ዓመት ቀድመው ማለት ነው። ከጉሱኩዎቹ አንዱ በሆነው ናኪጂን ላይ ስቆም ልቤን የነካው የግንቡ አሠራር ነው፤ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የኖራ ድንጋይ ቅጥር፣ ማዕዘን ሳያወጣ ኮረብታውን ተከትሎ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ ከበስተጀርባውም ባሕሩ ይታያል። እኔ ያደግሁት ከአስሱም በር አጠገብ ነው፤ ድንጋይ ሲደረደር እጅ ምን ያህል እንደሚደክም የሚናገር ቅጥር አውቃለሁና ብዙ ሰዓት ቆሜ አይቼዋለሁ።

ለእናትዎ ግን ናኪጂን የድንጋይ ደረጃ ስላለው ይከብዳቸዋል። በእርሱ ምትክ ዛኪሚ የሚባለውን ጉሱኩ እመርጥላቸዋለሁ፤ ትንሽ ነው፣ ከመኪና ማቆሚያው ያለው መንገድ አጭር ነው፣ በኦኪናዋ ካሉት ጥንታዊ የድንጋይ ቅስት በሮች አንዱም የሚገኘው እዚያ ነው። የነገሥታቱ መቀመጫ የነበረው ሹሪ በ1945 ጦርነት ፈርሶ በ1992 ዳግም ከተሠራ በኋላ በጥቅምት 31 ቀን 2019 በእሳት ተቃጥሏል። ዋናው አዳራሽ በ2026 መኸር እንዲጠናቀቅ ታቅዶ ግንባታው ተጀምሯል፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው ክፍል ለጎብኚ ክፍት እንደሆነ ወንድምዎ ይጠይቅ። ሕዝቡ ይህን ግንብ ደጋግሞ ሲያነሣው ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሰፋ ኡታኪ ስለሚባለው ቅዱስ ሥፍራም ልናገር። በጫካ ውስጥ ሁለት ግዙፍ አለቶች ተደጋግፈው የሚቆሙበት ሲሆን፣ በነገሥታቱ ዘመን አምልኮውን የሚመሩት ሴቶች ነበሩ፣ ወንዶች አይገቡበትም ነበር። ዛሬ ሁሉም ይገባል። ሆኖም የአገሬው ሰው አሁንም ይጸልይበታልና፣ እኛ አዋች በምንላቸው የሐረር ቅዱሳን ሥፍራዎች ስንገባ ድምፃችንን እንደምንቀንስ ሁሉ ዝም ብሎ መግባት ይገባል። መንገዱ ወጣ ገባና የሚያንሸራትት ስለሆነ እናትዎ ቢቀሩ፣ እርስዎ ብቻዎን ይግቡ።

በደቡብ በኩል ማቡኒ የሚገኘው የሰላም መታሰቢያ ለጥ ያለ ሜዳ በመሆኑ ለሁላችሁም ይመቻል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 1945 በኦኪናዋ ጦርነት የሞቱ ከ240,000 በላይ ሰዎች ስም፣ ጃፓናዊ፣ አሜሪካዊ፣ ኮሪያዊ ሳይባል በጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። በዚያ ጊዜ ከሞቱት እጅግ ብዙዎቹ የደሴቲቱ ተራ ሰዎች ናቸው። ሁለት ሰዓት ይስጡት።

አንድ የማልተወው ነገር አለ፤ ኦኪናዋ የአሳማ ሥጋ አገር ናት። እኛ ሙስሊሞች ብቻ ሳንሆን እናንተም አሳማ ስለማትበሉ ልንገርዎ፦ የኦኪናዋ ሶባ የሚሉት የፓስታ ሾርባ በአሳማ አጥንት የተቀቀለ ነው፤ ቻምፑሩ በሚሉት የአትክልት ጥብስ ውስጥም አሳማ ይገባበታል። «ቡታ» ማለት አሳማ ነው፤ ይህቺን ቃል ይያዟት።

የሳቢያን መምህርት

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእናቴ ጽሑፋችሁን ጮክ ብዬ ሳነብላት ነበር፤ የድንጋዩ ደረጃ ሲነሳ «ተዪው» አለች፣ ሰፋ ኡታኪ ሲነሳ ግን «ከበሩ እቀመጣለሁ» ብላለች። በተባለው መሠረት ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 4 ልንይዝ ነው። ይሁንና ይህ ጊዜ በሐዋርያት ጾም ውስጥ የሚወድቅ በመሆኑ፣ እናቴም ዓሣ ስለማትቀምስ፣ ምን ትበላለች የሚለው አሳስቦኛል። በተጨማሪም ወንድሜ ኬራማ ወደሚባሉት ትንንሽ ደሴቶች በመርከብ ሊወስደን ይፈልጋል፤ ይህ ለእርሷ ይሆናል ወይ?

ከከዚራ

እኅቴ፣ ከባለቤቴ ጋር በዚያው በጾሙ ጊዜ ስለሄድን የምግቡን ነገር ተፈትኜበታለሁ። ዋናው እንቅፋት ሥጋው ሳይሆን መረቁ ነው፤ የጃፓን ሾርባና ማጣፈጫ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ አትክልት ብቻ መስሎ የሚቀርበውም ዓሣ አለበት። እኔ የዳንሁት ከገበያ እየገዛሁ በማዘጋጀት ነው፤ ማብሰያ ያለው ክፍል እንዲከራይላችሁ ለወንድምዎ ይንገሩት። ወይን ጠጁ ስኳር ድንች በየቦታው ይገኛል፣ ለሐረርጌ ሰው ከቤቱ እንዳልወጣ ያህል ነው። ከኦቾሎኒና ከስኳር ድንች ስታርች የሚሠራ ጂማሚ ቶፉ የሚባል ለስላሳ ምግብም አለ፤ የባቢሌን ለውዝ ለለመደ ምላስ እጅግ ይጣፍጣል፣ አብሮ የሚመጣውን ማባያ ግን ይተዉት። ኡሚቡዶ የሚሉት እንደ ወይን ዘለላ ያለ የባሕር ተክልም በጨው ብቻ ይበላል። በርበሬና ሽሮ ከዚህ ይዘው ይሂዱ፤ በጉምሩክ መግለጫ ላይ ግን ይመዝግቡት።

ኬራማ ከናሃ በስተ ምዕራብ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙ ደሴቶች ሲሆኑ፣ ከ2014 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው (እኔም ዓመታቱንና ቀኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የውኃውን ጥራት በቃል ማስረዳት ያቅተኛል፤ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ እግርዎና ዓሣው አብረው ይታያሉ። ለእናትዎ የምመርጠው ቶካሺኪን ነው፤ ፈጣኑ መርከብ ከቶማሪ ወደብ ተነሥቶ ከ40 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይደርሳል፣ ከወደቡም አሃሬን ወደሚባለው ዳርቻ አውቶቡስ አለ። ዳርቻው ላይ ጥላና ወንበር ይከራያል። ከእግርዎ በታች ያለውን እያዩ ይራመዱ፣ ኮራል አይርገጡ፤ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚወስድ ሕያው ነገር ነው፣ ለማስታወሻ ብሎ መውሰድም በሕግ የተከለከለ ነው።

መኪናን በተመለከተ፣ ጃፓን የምትቀበለው በ1949 የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የተሰጠ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ብቻ ስለሆነ፣ የጃፓን መንጃ ፈቃድ ካለው ወንድምዎ ይንዳ። መንገዱም በግራ ነው፤ ደሴቲቱ በአሜሪካ አስተዳደር ጊዜ በቀኝ ትነዳ ነበር፣ ከተመለሰች ከስድስት ዓመት በኋላ በሐምሌ 30 ቀን 1978 በአንድ ሌሊት ወደ ግራ ተዛወረች።

መኪና ካላችሁ ለሰሜኑ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። በሞቶቡ የሚገኘው ቹራኡሚ አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር እንስሳት ማሳያ፣ 7,500 ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ገንዳ ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ያኖራል፤ እናትዎ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሊያዩት ይችላሉ፣ ተሽከርካሪ ወንበርም በነጻ ይሰጣል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቢሴ የምትባል መንደር አለች፤ ወንድማችን የጠቀሰው የፉኩጊ ዛፍ ከግራና ከቀኝ ገጥሞ ጥላ የሠራበት ለጥ ያለ የአሸዋ መንገድ እዚያ ነው። የከዚራን የዛፍ ጥላ ለሚወድ ሰው፣ እኔ ከአኳሪየሙ አስበልጬዋለሁ። በመንገዱ ጫፍ ባሕሩ ይጠብቃል።

የቶካሺኪውን ጉዞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያድርጉት፤ ባሕሩ ተቆጥቶ መርከቡ ቢቀር የሚያዛውሩበት ሌላ ቀን ይኖርዎታል። እናትዎ መርከብ ለምደው ስለማያውቁ ከመነሣታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ሐኪማቸው የፈቀደላቸውን የማቅለሽለሽ መድኃኒት ይውሰዱ፤ ሲገቡም ከኋላ በኩል፣ ዝቅ ያለው ወለል ላይ ያስቀምጧቸው፤ መርከቡ የሚወዛወዘው ከፊት ነው።