የቅኝ ግዛት ምክንያቶችን ተማሪ እንዴት ይመዝን?

መምህር ከጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «አውሮፓውያን አፍሪካንና እስያን ለምን ያዙ?» ሲባሉ ተማሪዎቼ «ጥሬ ዕቃ፣ ገበያ፣ ክብር፣ ሃይማኖት» ብለው ደርድረው ያቆማሉ። የትኛው ምክንያት የት እንደሠራ እንዲመዝኑ በምን ልጀምር? የጅማ ልጆች ናቸውና ምሳሌው ቡና ቢሆን ይቀላል። ያለኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው።

ጎጀብ፦
መምህር፣ እንግዲያው የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴት የሆነችውን ጃቫን ይውሰዱ። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1830 ባወጣችው ደንብ መንደሩ ከመሬቱ አንድ አምስተኛውን ለውጭ ገበያ ሰብል ያውላል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። ቡናው ግን በመሬት ስፋት ሳይሆን እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚተክለው እግር ይቆጠር ነበር፤ ይህን ልጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል። ቀጥሎ «ለምን በ1830?» ብለው ይጠይቋቸው። ከ1825 እስከ 1830 የተካሄደው የጃቫ ጦርነትና የቤልጅየም መገንጠል የሆላንድን ካዝና አራቁተውት ነበር። «ጥሬ ዕቃ» ብቻ ብሎ የጻፈ ተማሪ ይህን ሳያይ ያልፋል።

ሲሎንንም (የዛሬዋን ስሪላንካ) ይጨምሩ። የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ በ1869 ገብቶ ተክሉን ሲጨርሰው እንግሊዞች አልወጡም፤ ወደ ሻይ ዞሩ።

የካርታ ሰው፦
የጎጀብ ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ግን ሆላንዶች ጃቫ ከገቡ ያኔ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ለምን ገቡና ለምን ቆዩ ሁለት ጥያቄ ነው። ለዚህ ምሥራቅ አፍሪካ ይሻላል። እንግሊዝ በ1875 የግብፁን ገዥ የስዊዝ ካናል አክሲዮን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛች፤ በ1882 ጦር አስገባች፤ የህንድ መንገዷ ነዋ። ግብፅን ለመያዝ አባይን፣ አባይን ለመያዝ ዩጋንዳን አለች። በ1896 ከሞምባሳ የተጀመረው ባቡር በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲደርስ ወጪውን የሚመልስ ጭነት አልነበረም። ነጭ ሰፋሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው የጎጆ ግብርም አፍሪካዊውን ወደ ሰፋሪው እርሻ ገፋው። እዚህ ትርፍ ፍለጋው ወረራውን ተከትሎ መጣ።

ሔርማታ፦
ተማሪ የሚሳሳትበትን ልጨምር። የወባ መድኃኒቱን ኪኒንና ማክሲም መትረየስን እንደ ምክንያት ይጽፋሉ፤ እነዚህ ማስቻያ ናቸው። ኃያላኑ ስለ አፍሪካ የመከሩበት የበርሊን ጉባኤም ድንበር ሁሉ የተሰመረበት ይመስላቸዋል፤ አብዛኛው ድንበር የወጣው በኋላ፣ ኃያላኑ ሁለት ሁለት ሆነው በፈረሙት ውል ነው።

ጣሊያንን አይዝለሉ። በ1869 አሰብን የገዛው ሩባቲኖ የሚባል የመርከብ ኩባንያ ነበር፤ መንግሥት በ1882 ተረከበው። ስዊዝ የተከፈተውም በዚያው በ1869 ነው። ከ1936 በኋላ ደግሞ ጅማን የአንድ ሰፊ ግዛት መቀመጫ አደረጉ። ቅኝ ግዛታቸው በጠቅላላው ግን ካስገባላቸው ገንዘብ ያስወጣቸው ይበልጥ ነበር፤ በትርፍ ብቻ ለማስረዳት የሚሞክር ተማሪ እዚህ ይጣበቃል። የሞሶሎኒን የክብር ጥማት ማምጣት የግድ ነው።

ጎጀብ፦
ሃይማኖትንም ጨርሶ አንጣለው። የእንግሊዝ ኩባንያ ከዩጋንዳ ልውጣ ሲል ገንዘብ አዋጥተው ያቆዩት የአንግሊካን ሚስዮን ደጋፊዎች ናቸው፤ በ1894 የእንግሊዝ መንግሥት ዩጋንዳን በጥበቃው ሥር አደረገ።

መምህር፣ የዘመን አቆጣጠሩን ነገር አደራ። ጉባኤውን በፈረንጅ 1885፣ ዓድዋን በእኛ 1888 የጻፈ ተማሪ በመካከላቸው 3 ዓመት ያያል። 11 ነው።