የሥራ ቦታ የጤና ምርመራ፦ የጋራ ሐሳባችንን እንጨርስ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአስተዳደሩ የምናቀርበው ረቂቅ በአጭሩ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ባሉት ሦስቱም የሥራ ቦታዎቻችን በሥራ ሰዓት ነጻ የኤችአይቪ ምርመራ ይሰጥ። ቀኑ ኅዳር 22፣ የዓለም ኤድስ ቀን ይሁን። ድንኳኑ ከግቢው በር አጠገብ ይተከል። የጎደለውን ሙሉ፣ ያልጣማችሁን ሰርዙ።

የስፌት ክፍል ተወካይ፦ ድካምህን አላቃልልም። ድንኳኑ ላይ ግን አልፈርምም። በፊት የሠራሁበት ቦታ እንዲሁ ተደርጎ ነበር። ትልቅ ባነር፣ ከፊቱ ሰልፍ። ሰው ሻይ እየጠጣ ማን ገባ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ እያለ ይቆጥራል። አንዲት ልጅ ትንሽ ዘግይታ ወጣች። ምናልባት ጥያቄ አብዝታ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። በሳምንቱ ወሬው የተከራየችበት ግቢ ድረስ ደረሰ። ሥራውን ትታ ወደ መንዝ ተመለሰች።

ነርሷ፦ እውነቷን ነው። ችግሩ የደቂቃው ነገር ነው። አንዱ አምስት ደቂቃ፣ ሌላው ግማሽ ሰዓት ከቆየ ውጤቱን ሰልፉ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ኤችአይቪን ለብቻው አናውጣው። ሁሉም ሰው በአንድ በር ይግባ፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ክብደት ይለካ፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለው ለቲቢ ይጠየቅ። ኤችአይቪ የሚመረመረውም የማይመረመረውም ምክር ክፍሉ ውስጥ እኩል ጊዜ ይቀመጥ። መውጫው በሌላ በር ይሁን።

ደግሞ የመጀመሪያው መመርመሪያ (ኪት) ምልክት ስላሳየ ብቻ «አለብህ» አይባልም፤ በሌሎች ኪቶች ይረጋገጣል። «የለብህም» የተባለም በቅርብ ለቫይረሱ ተጋልጦ ከነበረ ከሦስት ወር በኋላ ይድገም።

ሒሳብ ሹም፦ ይሄ ሁሉ ሲጨመር ወጪው አይንርም?

ነርሷ፦ የኤችአይቪ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም ነጻ ነው። መድኃኒቱ ነጻ ከሆነ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ወጪያችን የስኳር መለኪያው፣ ጓንቱና የባለሙያ አበል ነው። ለስኳር ረቡዕ ወይም ዓርብ ጠዋትን ምረጡ፤ ጿሚው ቁርስ ሳይበላ ስለሚመጣ ልኩ አይዛባም። ሙቅ ውኃም አዘጋጁ። በዚህ ብርድ የሰው ጣት ደርቆ ደም እምቢ ይላል። ስቄ አይደለም የምለው፤ አንዱን ሰው ሦስት ጊዜ ወግቼዋለሁ።

የፈረቃ ሠራተኛ፦ ሌሊት የምንሠራ ሰዎች ጠዋት እንተኛለን። ለእኛስ? የኮንትራትና የቀን ሠራተኛውም «ውጤቴን አይተው ቢያባርሩኝ» ብሎ አይመጣም።

ሊቀመንበር፦ ለዚህ ሕጉን እንጥቀስ። የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 በኤችአይቪ ምክንያት በሠራተኛ መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አሠሪው አዲስ ሠራተኛን የሚያስመረምርበት ግዴታ ውስጥም ኤችአይቪ ተለይቶ ወጥቷል። ቀጥሮ ለማስመርመር እንኳ ካልተፈቀደ፣ በእኛ ፕሮግራም ሰበብ ዝርዝር ሊጠይቅ አይችልም። ይህ አንቀጽ በረቂቁ ላይ በደማቁ ይጻፍ።

የስፌት ክፍል ተወካይ፦ አስተዳደሩ ስም ብቻ ሳይሆን በየክፍሉ ስንት ሰው እንደተገኘም አይድረሰው። ስምንት ሰው ባለበት ክፍል «አንድ ተገኘ» ከተባለ ስም የተጠራ ያህል ነው።

ጸሐፊ፦ ገባኝ። «ከሦስቱም ቦታ አንድ ጠቅላላ ድምር፣ እሱም የተመረመሩት ብዛት ብቻ» ብዬ ላርመው?

ሊቀመንበር፦ እንደሱ ይሁን።

ሹፌር፦ እኛንም አትርሱን ጌቶች። ከደሴ ስንመለስ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት እናድራለን። ምርመራው ቀን ግቢ ውስጥ አንገኝም።

ነርሷ፦ ለእናንተ በምራቅ ራስን መመርመሪያ አለ፤ ጤና ጣቢያውን እጠይቃለሁ። እሱም የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ምልክት ካሳየ መረጋገጥ አለበት። በግቢው ፖዘቲቭ የሆነ ሰውም ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ ብቻ አይላክ። ጫጫ ከተማም ይሁን ትውልድ ቀዬው፣ የፈለገበት ይሂድ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ከደረሰ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ፊታቸው ይፈታል።

ሒሳብ ሹም፦ ኅዳር 22ስ? ዋዜማው ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም ነው፤ ግማሹ ሰው ፈቃድ ላይ ይሆናል። አስተዳደሩም ካሜራ ይዞ ይመጣል።

ጸሐፊ፦ ቀኑን ሰርዣለሁ። ድንኳኑንም። ክሊኒኩ ያለበት ክፍል ሁለት በር አለው፣ እሱን ጠይቄያለሁ። ከኅዳር በኋላ ባሉት አራት ረቡዕዎች፣ ከፈረቃ መግቢያና መውጫ ጋር እናስተካክል። ሰዓቱ የተከፈለበት ሥራ ሆኖ ይቆጠር። የሌሊት ፈረቃውን ሰዓት እናንተው ጻፉልኝ፣ እኔ ገምቼ ልሳሳት አልፈልግም።

የፈረቃ ሠራተኛ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ስንወጣ። ሻይ ካለ ደግሞ ሁሉም ይመጣል።

ሒሳብ ሹም፦ ሻዩን ጻፍኩ።