የላይኛው ፎቅ ብርድ የማን ወጪ ነው?

ጠባሴ፦
ሰላም ወገን። ደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ከበላዬ ኮርኒስና ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲጀምር ቤት ውስጥ ጋቢ ደርቦ መቀመጥ ነው። ጠዋት መስታወቱ በውስጥ በኩል ውሃ ያወርዳል፣ የመኝታ ቤቱ ጥግም ሻጋታ አውጥቷል። ማኅበራችን ሲሰበሰብ ኮርኒሱ ላይ ፎም ይነጠፍ፣ ሁላችንም እናዋጣ ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ታች ያሉት "ብርዱ የአንተ ነው" ብለው ሳቁብኝ። ጀርመን ያለችው እህቴ ደግሞ የእኛ ሰፈር በሙሉ ከአንድ ማሞቂያ ጣቢያ ነው የሚሞቀው፣ እናንተስ ለምን አትሞክሩም ትላለች። እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ። ወጪውስ እንዴት ቢከፋፈል ነው የሚያስማማን?

ግንበኛው፦
ማሞቂያውን ለጊዜው ተወው። ግድግዳህ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው፣ መስኮቱ ደግሞ የብረት ፍሬምና ነጠላ መስታወት። ብታሞቀውም አያድርልህም። ነፋስ ባለበት ማታ ጧፍ ለኩስና በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ ብለህ አዙራት፤ ነበልባሉ የተጋደመበት ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ በሲሊኮን ድፈነው። ቀጥሎ ኮርኒሱ። ግን ሁሉንም ጥርቅም አታድርግ። የወጥ ቤትና የሻወር እንፋሎት መውጫ ካጣ ሻጋታው ይብስብሃል።

መሐል_ሜዳ፦
እኔም ጀርመን፣ ላይፕዚግ ከተማ ነው ያለሁት። እህትህ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው የነገረችህ። ከጣቢያው የሚመጣው ሙቅ ውሃ በመሬት ውስጥ ቧንቧ ተጉዞ፣ ምድር ቤት ባለ መሣሪያ ሙቀቱን ለሕንፃው ውሃ ያስረክባል፤ ወደየቤቱ ራዲያተር (ክፍል የሚያሞቀው ብረት) የሚወጣው ይሄኛው ነው። ጭቅጭቁ ያለው ሂሳቡ ላይ ነው። መሐል ያለው ሰው ራዲያተሩን ዘግቶ በጎረቤቶቹ ሙቀት ይከርማል፣ ጥግና ጣሪያ ሥር ያለው ይከፍላል። ለዚህ ነው ሕጉ በመሠረቱ ከ50 እስከ 70 በመቶው በፍጆታ፣ ቀሪው በቤቱ ስፋት ይከፈል የሚለው።

እድሳቱም የራሱ ጣጣ አለው። ግድግዳው በፎም ከተሸፈነ በኋላ የውሃውን ሙቀት ካልቀነሱና የየቤቱን ፍሰት እንደገና ካላመጣጠኑት፣ ሰው ውጭ በረዶ እየጣለ መስኮት ከፍቶ ይቀመጣል። ፍጆታህ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ሂሳቡ በግማሽ አይወርድም፣ ቋሚ ክፍያ አለበታ። ተከራይ ከሆንክ ደግሞ አከራዩ ካወጣው የእድሳት ወጪ በዓመት እስከ 8 በመቶ ድረስ ኪራይህ ላይ ሊጭን ይችላል። ደብረ ብርሃን ግን ቀን ፀሐይ አለ፣ ብርዱ የሌሊት ነው። ለዚያ ተብሎ ከተማ ሙሉ ቧንቧ አይቀበርም።

ጠባሴ፦
ገባኝ። ፎም ግን ተወዷል። የመንዝ በግ ጠጉር ቢነጠፍስ?

የአንደኛ_ፎቋ፦
ወንድሜ፣ እኔ ታች ከሚኖሩት ነኝ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ። በኮንዶሚኒየም አዋጁ (370/1995) ጣሪያ የጋራ ነው። ቢያፈስ "የላይኛው ያሠራ" ሊሉ ነው እንዴ? ስለዚህ የቆርቆሮው ጥገና በሁሉም መዋጮ ይሠራ፣ ለፎሙ ወይም ለጠጉሩ የላይኞቹ ትልቁን ድርሻ ያዙ፣ መስኮትህን ራስህ ቻል። እንዲህ ብታቀርበው እኔም እጄን አወጣልህ ነበር፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ስታመጣው ነው ሰው የሚደነግጠው። ደግሞ መስኮቱን ደፍነህ ስታበቃ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታነድ፣ አደራ። ገዳዩ ጋዝ አይታይ፣ አይሸት። ቡናውም በረንዳ ላይ ይፈላ።

ግንበኛው፦
ስለ ጠጉሩ፦ ሙቀት ይይዛል፣ ባና የለበሰ ያውቀዋል። ነገር ግን በደንብ ካልታጠበ ይሸታል፣ ብል ይበላዋል፣ አይጥም ትራባበታለች። ከረጠበማ ከፎሙ የባሰ ነው። ስለዚህ ምንም ከማንጠፍህ በፊት ቆርቆሮው ላይ ሰው አውጣና ጎማቸው የተበላ ምስማሮችን በሙሉ አስቀይር።