የጥርስ ታካሚዎችን ምርጫ እንዴት ልለካ?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ታካሚዎች ጥርስ ከማስነቀልና ሥሩን አሳክሞ ከማዳን የቱን እንደሚመርጡ ለመለካት ተነስቼ መሃል ላይ ቆሜያለሁ።

የያዝኩት ዲስክሪት ቾይስ ኤክስፐሪመንት የሚባለውን ዘዴ ነው። ታካሚው ሁለት የሕክምና አማራጭ የያዙ ሁለት ካርዶች አይቶ አንዱን ይመርጣል፤ በካርዶቹ ላይ ዋጋው፣ ምልልሱ፣ ወረፋውና ጥርሱ የሚቆይበት ጊዜ ይለያያል። አራቱ ነገሮች ሦስት ሦስት ደረጃ ሲኖራቸው 81 ዓይነት ሕክምና ስለሚወጣ ጥቂቱን ብቻ ወስጃለሁ።

ችግሩ ሌላ ነው። ከደጀን ጉንጫቸው አብጦ የመጡ እናት ካርዱን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ አንተ ያልኸው ይሁን» አሉኝ። እንዲህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይህን እንደ ምርጫ ልቁጠረው? ሌሎቹ ደግሞ ዋጋውን ብቻ አይተው ርካሹን ይጠቁማሉ። የዋጋውን ልዩነት ባጠብበው ደግሞ የገበያውን ዋጋ አይመስልም።

«ሁለቱንም አልፈልግም» የሚል አማራጭ ልጨምር? ከሐኪሙ ይልቅ ሌላ ሰው ቢጠይቃቸው ይሻል ይሆን? በተለይ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ካርዱን በሥዕል የሠራችሁ ካላችሁ፣ የጥርሱን ዕድሜ እንዴት እንዳሳያችሁ ንገሩኝ። እሱ ነው በጣም ያስቸገረኝ።