የእራት ምሽት ደረሰኝ ግራ አጋባኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው ትንሿ የማኅበረሰብ አዳራሻችን ቅዳሜ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት አለን፣ ከኪራይ ቤታቸው ሊባረሩ ለተቃረቡ ቤተሰቦች ጠበቃ ለማቆም። ትኬቱ 100 ዶላር ነው። ድርጅታችን ከግብር ነፃ ነው፤ ግን በአሜሪካ ሕግ ሰው ከ75 ዶላር በላይ ከፍሎ ምግብ ከበላ፣ የምግቡን ግምት ቀንሰን ስጦታው ስንት እንደሆነ ለከፋዩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብን። እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ዶሮ ወጡን እናቶቻችን በነፃ ነው የሚሠሩት፣ ሽንኩርቱን ከትናንት ጀምሮ እያለቀሱ እየከተፉ ነው፣ ታዲያ ግምቱን ዜሮ ልበል ወይስ ሬስቶራንት የሚሸጥበትን ዋጋ ልያዝ? ሂሳብ ያዣችን አንድ ይላል፣ ሊቀመንበሯ ሌላ። ደረሰኙን ዛሬ ማታ ማተም አለብኝ። እንዲህ ዓይነት ዝግጅት ያሰናዳችሁ፣ እንዴት አድርጋችሁ ጻፋችሁት? በዚያው ምሽት ለጨረታ የሚወጣው መሶብስ ግምቱ እንዴት ይያዛል?